ባሮክና የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ከንባብ ጋር፦ የአንድ ምሽት አሰናዳድ

የባሮክ ሙዚቃ፣ የአየርላንድ ባህላዊ ዜማና የመድረክ ንባብ በአንድ ምሽት ሲቀርቡ ውጤቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ታዳሚው ሦስት የማይተዋወቁ ዝግጅቶችን ተራ በተራ አይቶ ይወጣል፤ ወይ ደግሞ እነዚህ ሙዚቃዎች አንድ አገርና አንድ ዘመን፣ አንዳንዴም አንድ ቤት ተጋርተው እንደኖሩ ጆሮው ራሱ ይነግረዋል። ሁለተኛው በዕድል አይገኝም፤ አዘጋጁ ከቁራጮቹ ይልቅ በመጋጠሚያቸው ላይ ሲደክም ነው የሚገኘው። ይህ መመሪያም ከሁሉ በላይ የሚያተኩረው በዚያ መጋጠሚያ ላይ ነው።

ልክ የቆረጥንለት ዝግጅት እንዲህ ያለ ነው፦ ከ70 እስከ 75 ደቂቃ ሙዚቃና ንባብ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሙዚቀኞች፣ አንድ ወይም ሁለት አንባቢዎች፣ ከመቶ የማይበልጥ ታዳሚ። ደብሊን ወይም ጎልዌይ የሚኖሩ ከሆነ ሙዚቀኞቹን እዚያው ያገኛሉ። ሌላ አገር ከሆኑም አካሄዱ ያው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አስቀድመው ክሩን ይምረጡ

«ባሮክና አየርላንድ» ብቻውን ርእስ አይሆንም፤ በጣም ሰፊ ነው። ሁሉንም ቁራጭ የሚያስተሳስር አንድ ሰው፣ አንድ ዓመት ወይም አንድ ቤት ይምረጡ። ለጀማሪ አዘጋጅ ከቱርሎ ካሮላን የተሻለ ክር አይገኝም።

ካሮላን በ1670 ሚዝ አውራጃ ውስጥ ተወለደ። በ18 ዓመቱ ፈንጣጣ ዓይኑን አጠፋው። አባቱ ይሠራበት በነበረው የማክደርሞት ሮ ቤተሰብ ቤት የምትኖር እመቤት ሃርፕ እንዲማር አደረገችው፤ ሦስት ዓመት ከተማረ በኋላም ፈረስ፣ መሪና ስንቅ ሰጥታ አሰናበተችው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ ከባለርስት ቤት ወደ ባለርስት ቤት ሲዞር ኖረ። አኗኗሩን ለማስረዳት የእኛን አዝማሪ ማንሣት ይበቃል፦ በደረሰበት ቤት ይስተናገዳል፣ ለአስተናጋጁም የሚያወድሰውን ዜማ ይተውለታል። ካቶሊክም ፕሮቴስታንትም፣ ጥንታዊ የጌል ቤተሰብም አዲስ መጤ ባለርስትም አስተናግደውታል። በ1738 ሲሞት ከሁለት መቶ በላይ ዜማዎች ትቶ ነበር።

በዚያው ዘመን የጣልያን ሙዚቃ በደብሊን ተወዳጅ ነበር። ካሮላን የጣልያናዊውን አቀናባሪ የኮሬሊን ዘይቤ ሰምቶ ወዶታል፤ «የካሮላን ኮንቼርቶ» በሚባለው ዜማው ላይም ተጽዕኖው በግልጽ ይሰማል። የኮሬሊ ተማሪ የነበረው ፍራንቼስኮ ጄሚኒያኒ ደግሞ ደብሊን ድረስ መጥቶ ተቀምጧል፣ በ1762 የሞተውም እዚያው ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሙዚቃዎች እርስዎ በግድ እያገናኟቸው አይደለም፤ ድሮም የተገናኙ ናቸው።

2. ሙዚቀኞቹን ከሁለቱም ወገን ያምጡ

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

- ከባሮክ ወገን፦ ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ ሃርፕሲኮርድ፤ ከተቻለ አንድ ድምፃዊት።
- ከባህላዊው ወገን፦ ሃርፕ፣ የእንጨት ፍሉት ወይም ቲን ዊስል የሚባለው ትንሽ ዋሽንት፣ ፊድል (ቫዮሊኑ ራሱ ነው፣ አጨዋወቱ ነው የሚለየው)፤ ከተቻለ ያለ አጃቢ የሚዘፈነውን ሻን ኖስ የሚችል ዘፋኝ።

ኢሊን ፓይፕ፣ ማለትም በክንድ በሚጫን ወናፍ የሚነፋው የአየርላንድ ፓይፕ፣ ምሽቱን ያደምቀዋል። ሆኖም ሃርፕሲኮርዱን በቀላሉ ይውጠዋል፤ ብቻውን ወይም ከፊድል ጋር ብቻ እንዲጫወት ያድርጉ። ቦራን የተባለው ከበሮም እንዲሁ ነው፤ ለመጨረሻው ጭፈራ ያቆዩት።

ሁለቱ ወገኖች ሙዚቃ የሚማሩበት መንገድ የተለያየ መሆኑን አይርሱ። ባሮክ ተጫዋቹ ኖታ ይጠብቃል፤ ባህላዊው ተጫዋች በአብዛኛው በጆሮው ይማራል። ስለዚህ ለአንዱ ኖታ፣ ለሌላው ቅጂ ይላኩ። የካሮላን ዜማዎች በአብዛኛው የደረሱን ያለ ባስ ነው፤ ዜማው ብቻ ነው የተጻፈው። ይህ ለሃርፕሲኮርድ ተጫዋቹ ችግር አይሆንበትም፤ በባሮክ ሙዚቃም ከባሱ ሥር የተጻፉትን ቁጥሮች እያየ ኮርዱን ራሱ መፍጠር ልማዱ ነውና። ዜማውን ከአንድ ወር በፊት ይስጡት፣ ባሱን እሱ ይሥራ።

3. ቅኝቱን በወረቀት ላይ ይጨርሱ

ብዙ ዝግጅት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የዛሬ ባሮክ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ «ኤ» የሚባለውን ድምፅ በ415 ኸርዝ ይቃኛሉ። ባህላዊ ተጫዋቾች ደግሞ በ440 ነው የሚቃኙት። ልዩነቱ ግማሽ ድምፅ ያህል ነው። ቫዮሊንና ቼሎ አውታራቸውን ማጥበቅ ወይም ማላላት ይችላሉ፤ ዊስልና ፓይፕ ግን የተሠሩበትን ቅኝት አይለቁም።

መፍትሔው ሁሉንም በ440 ማድረግ ነው። ብዙ ሃርፕሲኮርዶች የቁልፍ ሰሌዳቸው ወደ ጎን ተንሸራቶ ከ415 ወደ 440 እንዲሻገር ሆነው ተሠርተዋል። ሲከራዩ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ «ሰሌዳው ይንሸራተታል?» ካልተንሸራተተ በ440 ተቃኝቶ እንዲመጣ ይዋዋሉ። ሃርፕሲኮርድ ከሌለ ትንሽ ኦርጋን ወይም ሁለተኛ ሃርፕ ይተካዋል።

ቀጥሎ የዜማዎቹን መነሻ ድምፅ ይዘርዝሩ። ዊስልና የእንጨት ፍሉት የሚመቻቸው ዲ ሜጀር፣ ጂ ሜጀርና ኢ ማይነር ነው። ዛሬ የተለመደው የአየርላንድ ሃርፕ በየአውታሩ አናት ላይ ትንሽ ማንሻ አለው፤ ከዲ ሜጀር ወደ ጂ ሜጀር ለመሻገር ተጫዋቿ «ሲ» የሚባሉትን አውታሮች ማንሻ አንድ በአንድ ማውረድ አለባት። ይህ ጥቂት ሰኮንዶች ይፈጃል፤ ጸጥታ ውስጥ ሲሆን ግን ረጅም ይመስላል። ዝርዝሩ ላይ የቅኝት ለውጥ ያለበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ያስምሩ። ንባቦቹ የሚገቡት እዚያ ነው። አንባቢው እየተናገረ ሃርፕ ተጫዋቿ ማንሻዋን ታወርዳለች፣ ቫዮሊኒስቱም የላላ አውታሩን ያጠብቃል።

4. ቦታውን በጆሮ ይምረጡ

ሃርፕሲኮርድና ሃርፕ ለትልቅ አዳራሽ አልተሠሩም። ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ የቆየ ቤት ሳሎን ወይም የቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ይመረጣል። ከመዋዋልዎ በፊት አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ። እሱ መድረኩ ላይ ቆሞ አንድ ገጽ ያንብብ፣ እርስዎ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጡ። የድንጋይ ሕንፃ ሙዚቃን ያሳምራል፣ ንግግርን ግን ያደበላልቃል። የቃሉ መጨረሻ ካልተሰማዎት አንባቢው ቀስ ማለት አለበት፤ ያም ካልበቃ ለንባቡ ብቻ ትንሽ ማይክሮፎን ያስገቡ። ሙዚቃው ያለ ማይክሮፎን ይሁን።

አንባቢውን ከመድረኩ ዳር አያስቀምጡት። ወንበሩ በሙዚቀኞቹ መካከል፣ ከሃርፑ አጠገብ ይሁን። በጥንቱ የአየርላንድ ሥርዓት ግጥም በሃርፕ ታጅቦ ነበር በመኳንንት ፊት የሚነገረው፤ አቀማመጡ ይህን ያለ ማብራሪያ ያሳያል።

5. ንባቦቹን ይሰብስቡ፣ ከዚያ ያሳጥሩ

ለ75 ደቂቃ ዝግጅት አምስት ንባብ ይበቃል። እያንዳንዱ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ፤ አንዱ ብቻ አራት ሊደርስ ይችላል። ንባቡ ስለ ሙዚቃው ትምህርት የሚሰጥ ሳይሆን ሰው፣ ቦታና ድርጊት ያለበት ይሁን። ጥሩ ምንጮች እነዚህ ናቸው፦

- ኦሊቨር ጎልድስሚዝ በ1760 ስለ ካሮላን የጻፈው አጭር መጣጥፍ።
- ዓይነ ስውሩ ሃርፕ ደርዳሪ አርተር ኦኒል ያስጻፈው የሕይወት ትዝታ። በየቤቱ መዞር፣ መንገድ፣ ምግብ፣ ቅናት ሁሉ አለበት።
- በጁላይ 1792 ስለተደረገው የቤልፋስት የሃርፕ ጉባኤ የተጻፉ ዘገባዎች። ኤድዋርድ በንቲንግ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት የተሰበሰቡትን ሃርፕ ደርዳሪዎች ዜማ በኖታ እንዲመዘግብ የተቀጠረው ለዚህ ጉባኤ ነው። ከደርዳሪዎቹ መካከል የናስ ሽቦ አውታሩን በጥንቱ ልማድ በረጅም ጥፍሩ የሚመታው ዴኒስ ሄምፕሰን ብቻ ነበር።
- በ1742 ሃንደል «መሲሕ» የተባለ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ደብሊን ውስጥ ሲያቀርብ የወጡት የጋዜጣ ማስታወቂያዎች።

ታዳሚዎ አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ ንባቦቹን አስቀድመው ወደ አማርኛ ይመልሱ፤ የአይሪሽ ዘፈኖቹን ግን በቋንቋቸው ይተዉአቸውና ሐሳባቸውን በሁለት ዐረፍተ ነገር መርሐ ግብሩ ላይ ያትሙ። ተርጓሚውና አንባቢው አንድ ሰው ቢሆኑ ይመረጣል፤ አፍ ላይ የማይመች ቃል ቶሎ ይያዛል።

ርዝመቱን በገጽ አይገምቱ። ድምፅ አውጥተው፣ በመድረክ ፍጥነት፣ ሰዓት ይዘው ያንብቡ። ከዚያ ሩቡን ይቁረጡ።

6. ቅደም ተከተሉን ይሥሩ

እንደ መነሻ የሚከተለውን ይውሰዱና ባሉዎት ሙዚቀኞች ልክ ያስተካክሉት።

የመጀመሪያ ክፍል፦

- «ሺ ቬግ ሺ ቮር»፣ ሃርፕ ብቻውን (4 ደቂቃ)። የካሮላን የመጀመሪያ ድርሰት እንደሆነ ይነገራል። ከዚህ በፊት ምንም ንግግር አይኑር።
- ንባብ፦ የካሮላን መታወርና ከቤት መውጣት (3)
- ኮሬሊ፣ ከ1700ው ኦፐስ 5 ቁጥር 8፣ ኢ ማይነር (10)
- ሁለት ወይም ሦስት ጂጎች (4)
- ንባብ፦ ከጎልድስሚዝ (3)
- «የካሮላን ኮንቼርቶ»፣ ሁሉም አንድ ላይ (4)
- ንባብ፦ የኦሩርክ ግብዣ፣ ቀጥሎም ዜማው (10)

ዕረፍት፦ 20 ደቂቃ

ሁለተኛ ክፍል፦

- ጄሚኒያኒ፣ በ1746 ከታተሙት የቼሎ ሶናታዎች አንዱ (9)
- ንባብ፦ ደብሊን በ1742 (3)
- ከሃንደል «መሲሕ»፣ በኢሳይያስ 53 ላይ የተመሠረተው የአልቶ ዜማ፣ የመጀመሪያው ክፍል (5)
- «የሦስቱ ማርያሞች ልቅሶ»፣ ሻን ኖስ (4)
- ንባብ፦ ቤልፋስት 1792 (3)
- «የካሮላን የሙዚቃ ስንብት» (4)
- ሪል የሚባሉ ፈጣን የጭፈራ ዜማዎች፣ ሁሉም አንድ ላይ (5)

ሦስት መጋጠሚያዎችን ቀረብ ብለን እንያቸው።

የመጀመሪያው ከኮሬሊ ወደ ጂግ የሚሻገረው ነው። ሶናታው የሚዘጋው ጂጋ በሚባል ፈጣን ጭፈራ ነው። የጣልያኑ ጂጋና የአየርላንዱ ጂግ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ምታቸውን በሦስት በሦስት ይከፋፍላሉ። የቫዮሊኑ የመጨረሻ ድምፅ ሳይጠፋ ፊድሉ በዚያው በኢ ተነሥቶ «ስዋሎውቴይል ጂግ»ን ይጀምር። ማንም አይናገር፣ ማንም አይጨብጭብ። አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ መነሻ ድምፅ፤ የሚለወጠው የቀስቱ አካሄድና ጌጡ ብቻ ነው። ባሮክ ቫዮሊኒስቱ ዜማውን ሲያስጌጥ ትሪሉን ከላይኛው ድምፅ ይጀምራል፤ ፊድል ተጫዋቹ ደግሞ ሮል በሚባለው ጌጥ አንዱን ድምፅ ከላይና ከታች በፍጥነት ነክቶ ይመለሳል። ታዳሚው ልዩነቱን ጎን ለጎን ሲሰማው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የኦሩርክ ግብዣ ነው፤ የምሽቱን ሐሳብ ብቻውን ይሸከማል። ስለ አንድ የጥንት መስፍን ግብዣ በአይሪሽ የተጻፈ ግጥም ነው። ዜማውን የሠራው ካሮላን ነው። የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ዲን የነበረው ጆናታን ስዊፍት ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሎሬንዞ ቦኪ የተባለ ጣልያናዊ ደግሞ ዜማውን በጣልያን ዘይቤ፣ ከባስ ጋር አስጊጦ አቀናበረው። ይህ ቅንብር ጆንና ዊልያም ኒል የተባሉ አሳታሚዎች በ1724 ደብሊን ውስጥ ባወጡት የአየርላንድ ዜማዎች መድበል ውስጥ ይገኛል። አቀራረቡ እንዲህ ይሁን፦ አንባቢው የስዊፍትን ትርጉም ወይም የእርስዎን አማርኛ በሞቅታ ያንብብ፤ ዊስሉ ዜማውን ብቻውን ያሰማ፤ ከዚያ ቫዮሊን፣ ቼሎና ሃርፕሲኮርድ የቦኪን ቅንብር ይቀጥሉ።

ሦስተኛው ከሃንደል ወደ ልቅሶው ነው። የኢሳይያስ 53 ቃል ስለ ተናቀውና ስለ ታመመው ሰው ነው። «የሦስቱ ማርያሞች ልቅሶ» ደግሞ እናቲቱ ከመስቀሉ ሥር የምታለቅሰው፣ በተለይ በምዕራብ አየርላንድ በኮኔማራ የሚዘፈን የአይሪሽ ዜማ ነው። አንዱ የከተማ አዳራሽ ሙዚቃ ነው፣ ሌላው የገጠር ቤት። ሁለቱን በንባብ አይለያዩአቸው። ዘፋኟ ሃንደል ሲጀመር መድረክ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ፤ ተራዋ ሲደርስ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ትጀምር።

7. መጋጠሚያውን ይለማመዱ

ሁለት የጋራ ልምምድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ለሁሉም አንድ ላይ ለሚጫወቷቸው ዜማዎች ይሁን። የአየርላንድ ጭፈራ ዜማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ስምንት ባር ሆኖ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ዜማው ስንት ጊዜ እንደሚዞርና ወደ ቀጣዩ የሚያሻግረው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን፤ ምልክቱን የሚሰጠው ፊድል ተጫዋቹ ይሁን።

ሁለተኛው ልምምድ ቁራጮቹን ሙሉ በሙሉ የሚያጫውት አይደለም። ከእያንዳንዱ ቁራጭ የመጨረሻዎቹን ስምንት ባሮች፣ ከዚያ ንባቡን፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ቁራጭ መጀመሪያ ብቻ ይለማመዱ። አንባቢው የሚጀምርበትን ድምፅ፣ ሙዚቀኛውም የሚጀምርበትን ቃል በእርሳስ ያስምር። በንባብ ሥር ሙዚቃ ማጀብ ከፈለጉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሃርፕ፣ በረጃጅም ድምፆች ይሁን። በየንባቡ ከተደገመ ቃሉንም ዜማውንም ያዳክማል።

8. ፈቃድ

የኮሬሊ፣ የሃንደልና የካሮላን ሙዚቃ፣ የስዊፍትና የጎልድስሚዝ ጽሑፍ ከባለቤትነት መብት ነፃ ናቸው። በዘመናችን የተሠራ ቅንብርና አዲስ ትርጉም ግን ነፃ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የደራሲ መብት ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ የአየርላንዳዊው ገጣሚ የዬትስ ግጥም ዛሬ ነፃ ነው፣ በ2013 ያረፈው የሼመስ ሂኒ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። አየርላንድ ውስጥ የሙዚቃ ፈቃድ የሚሰጠው ኢምሮ የተባለው ድርጅት ነው። አዳራሹ ፈቃዱ እንዳለው ይጠይቁ።

9. በዕለቱ

ሃርፕሲኮርዱ ከሰዓታት በፊት ይግባ፣ የአዳራሹን ሙቀት ይልመድ፣ ከዚያ ይቃኝ። በሮቹ ከመከፈታቸው በፊትና በዕረፍቱ ሰዓት ድጋሚ ይቃኛል፤ ለዚህም ባለሙያውን ያስቀሩ። ማሞቂያም ሆነ ኃይለኛ መብራት መሣሪያዎቹ ላይ አይዙር። የአንባቢው ጽሑፍ በትልቅ ፊደል፣ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ይታተም፤ ለአትሮንሱ የራሱ ትንሽ መብራት ይኑር።

መርሐ ግብሩ ላይ ስለ ጭብጨባ አንድ መስመር ይጻፉ፦ በየክፍሉ መጨረሻና ከጭፈራ ዜማዎቹ በኋላ ማጨብጨብ ይቻላል፤ በሃንደልና በልቅሶው መካከል ግን ጸጥታ ይጠበቅ። ታዳሚው የሚጠበቅበትን ካወቀ ይረጋጋል።

10. ገንዘቡን አስቀድመው ይወስኑ

መጀመሪያ ሙዚቀኞቹ፣ አንባቢውና ቃኚው ይከፈሉ፤ ባህላዊ ተጫዋቹም ከባሮክ ተጫዋቹ እኩል። «ባህላዊ ነው፣ ለደስታው ይጫወታል» በሚል ሰበብ አንዱን ወገን ማሳነስ የምሽቱን ሐሳብ ራሱን ያፈርሳል።

ከዚያ የሚተርፍ ካለ ለበጎ ሥራ ይዋል፤ ይህም ከታሪኩ ጋር ይስማማል። በኤፕሪል 13፣ 1742 ፊሻምብል ጎዳና ላይ በነበረው የሙዚቃ አዳራሽ «መሲሕ» ሲቀርብ ወደ 700 ሰው ገብቶ ነበር። ቦታ እንዲበቃ ወይዛዝርቱ ቀሚስ መወጠሪያ ሳያደርጉ፣ ወንዶቹም ሰይፍ ሳይታጠቁ እንዲመጡ በጋዜጣ ተለምነዋል። ገቢው ለሁለት የሕሙማን መርጃ ተቋማትና በዕዳ ለታሰሩ ሰዎች ተከፋፈለ፤ 142 እስረኞችም ዕዳቸው ተከፍሎላቸው ተፈቱ። አዳራሹ የሚታወቀው የአየርላንድን ዜማዎች በ1724 ባሳተሙት በኒሎች ስም ነበር። ከቲኬቱ ገቢ ማን እንደሚጠቀም መርሐ ግብሩ ሽፋን ላይ ያትሙ፣ ከምሽቱ በኋላም የተላከውን መጠን ለታዳሚዎቹ ያሳውቁ።